ለነፍሴ ነው

ንፋስ መውጫ ላይ በር ገርበብ ብሎ አይውልም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንቋቋል፣ አቧራውን አፍሶ መንገደኛ ዓይን ውስጥ ይጨምራል፣ ደጅ የተሰጣ እህል ካለ ባለቤቱን ያስሮጣል። ስለዚህ ሰዉ በሩን ዘግቶ፣ ጋቢውን ደርቦ ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል። መንገዱን ብቻ አይቶ የሚያልፍ እንግዳ “የዚህ አገር ሰው ፊት አይሰጥም” ብሎ ቢሄድ አይፈረድበትም።

ያ በር እንዲከፈት ማንኳኳት ብዙም አይረዳም። ንፋሱ ቀኑን ሙሉ ሲያንኳኳ ስለሚውል የቤቱ ሰው ጆሮውን ከነፈገው ቆይቷል። ከአጥሩ ውጭ ቀጠን ያለ የልጅ ድምፅ “በእንተ ስማ ለማርያም!” ሲል ግን፣ ውስጥ ያለችው ሴት እጇ ሊጥ ውስጥ ቢሆንም ትነሳለች።

ተማሪው ደበሎውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል፤ አኮፋዳው ብብቱ ሥር ነው፤ በእጁ ዱላ ይዟል። ዱላው ለውሻ ነው። የቆሎ ተማሪና የባላገር ውሻ ጠብ መቼ እንደተጀመረ የመዘገበ ሊቅ አላጋጠመኝም፤ ባታቸው ላይ የውሻ ጥርስ ጠባሳ የሌለባቸው የኔታ ግን ብዙ የሚገኙ አይመስለኝም። ልጁ ከደጁ ራቅ ብሎ ይቆማል እንጂ ወደ ቤት ውስጥ አያይም። ሴትዮዋ መሶቡን ትከፍታለች፣ የገብስ እንጀራውን ትገምሳለች፣ ግማሹን አጣጥፋ ይዛ ወደ በሩ ልትሄድ ትልና ትተወዋለች። ምድጃ ሥር የተቀመጠችውን ትንሽ ልጅ ትጠራለች። “ነይ ስጪው። በሁለት እጅሽ!” ልጅቷ ተማሪውን ትፈራዋለች፣ ወይም ደበሎውን፤ እንጀራውን ወደ አኮፋዳው ወርውራ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ትገባለች። “እመቤቴ ትስጥልን” ይላል ልጁ፤ ክዳኑን ገጥሞ ወደሚቀጥለው አጥር ይሄዳል። ሁሉም ነገር ተጀምሮ እስኪያልቅ አንድ ስኒ ቡና አይቀዘቅዝም። ሴትዮዋ ወደ ሊጧ ትመለሳለች። ሊጡን ቅድም ዝም ብላ ነበር የምታሸው፤ አሁን ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ታንጎራጉራለች።

ያረፍኩት እዚያው ቤት ነበርና ሴትዮዋን ጠየቅኋቸው።

“እማማ፣ ተማሪው በየቀኑ ሲመላለስብዎት አይሰለችዎትም?”

“ምን ያሰለቸኛል ልጄ? ለነፍሴ ነው እንጂ ለእሱ መሰለህ?”

ይህን መልስ አዲስ አበባ ውስጥ የተማረ ሰው አይሰጥም። እኛ ለድኻ ሳንቲም ስንጥል እንኳ ለራሳችን ምንም እንዳልፈለግን ማስመሰል እንወዳለን። ደግነቱ ለራሴም ጠቀመኝ የሚል ሰው ካጋጠመን ፊታችን ይለወጣል፤ “እንግዲያማ ደግነቱ የታል?” እንላለን። እማማ ግን ጥቅማቸውን በግልጽ ይናገራሉ፤ አያፍሩም። ከግማሽ እንጀራ የሚያገኙትን ያውቃሉ፣ ያንን ፈልገው ይሰጣሉ። ይህ ግልጽነታቸው ደግሞ ተማሪውን ነፃ ያወጣዋል፤ በኋላ የገባኝ ይኼ ነው። ለነፍሳቸው ከሰጡ እሱ ምንም ዕዳ የለበትማ። እሱም በራሱ ስም አልለመነም፤ በማርያም ስም ነው የጠየቀው። ሰጪዋ ለእሱ አልሰጡም፣ ተቀባዩም ከእሳቸው አልወሰደም። ሒሳቡ በሦስተኛ ወገን በኩል ያልፋል። ነገ ገበያ ላይ ቢገናኙ ልጁ አንገቱን አይደፋም፣ እሳቸውም “ያ ያበላሁት” ብለው በዓይናቸው አይከተሉትም። ምናልባት አይተዋወቁም።

የዚህ አገር ትልቁ ትምህርት ቤት በዚህ ሒሳብ ነው የቆመው። ድጓን ያጠና ሰው ለማስመስከር የሚሄደው ንፋስ መውጫ ባለችበት ጋይንት፣ ቤተልሔም ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከረው እዚሁ ጋይንት፣ ዙር አባ ነው፤ ትውፊቱ ዝማሬውን ከራሱ ከቅዱስ ያሬድ ጋር ያያይዘዋል። ከሸዋም ከጎጃምም ከትግራይም በእግሩ እየመጣ ዓመታት ተቀምጦ የተማረው ሁሉ የበላው የማን እህል ነው? በጀት የለ፣ ወጥ ቤት የለ፣ የምግብ አዳራሽ የለ። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች መሶብ ነው። አንድም ቀን ማኅሌት ውስጥ ቆመው ዜማውን ያላወጡት ሴቶች ዜማውን በእንጀራ አቆዩት። ለምረቃ በዓል ግን ማንም አልጠራቸውም፤ እነሱም ቅር አላላቸውም፤ ድርሻቸውን ያኔውኑ በሩ ላይ ወስደዋል።

ዕዳ የገባበትን ደግነት ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። የወንድማቸውን ልጅ ያስተማሩ አንድ ሰው አውቃለሁ። የትምህርት ቤት ከፍለዋል፣ ጫማ ገዝተዋል፣ ቀለብ ሰፍረዋል፤ አንዱም ውሸት የለበትም። ግን በየሠርጉ፣ በየለቅሶው፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ጫማው ይነሳል። ልጁ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ አጎቱ ካሉበት ድግስ ቶሎ ብሎ ይወጣል። አጎቱም “ውለታ ቢስ” እያሉ ይበሳጫሉ። ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ ሁለት ሰው ተቀያየመበት። ማርያምን መሀል ቢያስገቧት ኖሮ ምን ነበረበት?

እ.ኤ.አ. በ2008 ኤሊዛቤት ደን፣ ላራ አክኒን እና ማይክል ኖርተን የተባሉ ተመራማሪዎች በ“ሳይንስ” መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጥናት አሳትመው ነበር። ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጠዋት ፖስታ አደሉ፤ በአንዳንዱ 5 ዶላር፣ በአንዳንዱ 20 ዶላር አለበት። አንዳንዶቹ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ለራሳቸው እንዲያጠፉት፣ ሌሎቹ ለሌላ ሰው እንዲያውሉት ተነገራቸው። ማታ ስልክ እየተደወለ ምን እንደተሰማቸው ተጠየቁ። ለሌላ ያወጡት የበለጠ ደስ ብሏቸው ነበር፤ 5 ይሁን 20 ልዩነት አላመጣም። አስቀድሞ “የትኛው ሰው ደስ የሚለው ይመስላችኋል?” የተባሉ ሌሎች ተማሪዎች ግን 20 ዶላር ይዞ ለራሱ የሚያጠፋው ነው ብለው ገምተው ነበር።

ይህን ለእማማ በአቦሉ ላይ ተረክሁላቸው። ጆሮ ሰጥተው ሰሙኝ። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው።

“ብሩን ማን ነው የሰጣቸው?”

“ተመራማሪዎቹ።”

“እንግዲያ የራሳቸው አይደለማ! በሰው ገንዘብ መስጠት ለማን ይከብዳል?”

ይህ ቀልድ አይደለም፤ ዋናው ጥያቄ ነው። አክኒንና ባልደረቦቿም ሳያስቡት አልቀሩም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት ይዘው መጡ። ሕፃኑ ፊት ብስኩት የያዘ ሳሕን አለ፤ አንድ አሻንጉሊት ደግሞ “እየበላ” ያም ያም ይላል። ልጁ አንዳንዴ ከተመራማሪዋ የተቀበለውን ብስኩት ለአሻንጉሊቱ ይሰጣል፣ አንዳንዴ ከራሱ ሳሕን አንስቶ ያካፍላል። ፊታቸው በቪዲዮ ተቀርጾ ሲታይ ሕፃናቱ ብስኩቱን ከተቀበሉበት ጊዜ ይልቅ በሰጡበት ጊዜ ፈክተው ነበር፤ ከሁሉም ይበልጥ የፈኩት ከራሳቸው ሳሕን ሲሰጡ ነው። ይኸኛውን ለእማማ ስነግራቸው ሳቁ። “ሁለት ዓመት ያልሞላው? እሱማ ሰጥቶ መልሶ ይነጥቃል!”

እንዲያም ይሁን እንጂ እሳቸው ራሳቸው ያንኑ ሙከራ በየቀኑ ያካሂዳሉ። ዳቦ ይዞ የሚሮጥ ሕፃን ባለበት ቤት ሁሉ አዋቂ እጁን ይዘረጋል፤ “ለእኔስ? አታካፍለኝም?” ሕፃኑ ያመነታል። ዳቦውን ያያል፣ የተዘረጋውን እጅ ያያል፣ እናቱን ያያል። በመጨረሻ ከጥግ ቆረስ አድርጎ፣ በምራቁ የራሰውን፣ ይሰጣል። ያኔ ቤቱ ይናወጣል፤ “እደግ! እደግልኝ! ተባረክ!” ዳቦው ተመልሶ ይሰጠዋል፣ ጉንጩ ይሳማል። ማንም ያን ቆራሽ ዳቦ ፈልጎ አልነበረም። ልጅቷን በሁለት እጅሽ ስጪው ያሏትም እንጀራ የሚያቀብል ጠፍቶ አይደለም።

የፈረንጆቹን ነገር ማካበድ አልፈልግም። በኋላ የተደረጉ ሰፋፊ ሥራዎች እንዳሳዩት መልካም ሥራ ለሠሪው የሚጨምረው ደስታ መጠነኛ ነው፤ ከሐዘን አያወጣም፣ ጎተራ አይሞላም። እኔን ያስደሰተኝ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ነው። እነ አክኒን ከ136 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ አገላብጠው ለሌላ ሰው መስጠትና ደስታ በአብዛኛዎቹ አገሮች አብረው እንደሚሄዱ አገኙ፤ ከዚያም ካናዳና ኡጋንዳ ያሉ ሰዎችን ለራሳቸው ወይም ለሌላ ገንዘብ ያወጡበትን ጊዜ እንዲያስታውሱ አደረጉ። የኡጋንዳውም የካናዳውም ለሌላ ያወጣበትን ሲያስታውስ ይበልጥ ደስ አለው። ደግነት የጠገበ ሰው ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ከባሕር ዳር በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይ አድርጎ ንፋስ መውጫ የሚደርሰው፣ ከዚያም በጨጨሆና በጋሸና ወደ ወልድያ የሚወርደው መንገድ ለዚህ ዓይነት ነገር ምቹ መመልከቻ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ብቻውን የሚበላ ሰው አታዩም። አጠገቤ የተቀመጠ ገበሬ በፌስታል የቋጠረውን የተቀቀለ ድንች ፈታ። አንዱን ልጦ ወደ አፉ ከመውሰዱ በፊት ዞር ብሎ “እንብላ” አለ፤ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ከፊት ለተቀመጠውም፣ መተላለፊያው ላይ ለቆመውም ረዳት። ሁሉም ደንቡን ያውቃል፤ “ብላ፣ ይባርክልህ” ይባላል። እኔም እንደዚያው አልኩ። አልሰማኝም። ሁለተኛውን ድንች ልጦ፣ ጨውና በርበሬ ነክቶ፣ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። “በሞቴ!”

በሞቴ ከተባለ በኋላ እንግዲህ ክርክር የለም። ድንቹን ስበላ ሰውየው መንገዱን ትቶ አፌን ያያል። እስክውጥ ይጠብቃል። ስውጥ ፊቱ ላይ የመጣውን ፈገግታ በ20 ዶላር የሚገዛ ሰው አይገኝም። በጉርሻም ነገር እንዲህ ነው፤ ልብ ብሎ ላየ ሰው ድግስ ላይ የሚጎረሰው መከረኛ ነው፤ ዓይኑ ይፈጣል፣ ጉንጩ ይወጠራል፣ ወጡ በአገጩ ይወርዳል። የሚስቀው አጉራሹ ነው። እንደገና ይጠቀልላል፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ።

ሰጪ ስለሚሰጠው ነገር ክብደት ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ቺካጎ ውስጥ በብርድ ቀን በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ስፍራ፣ አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ለሰዎች ትኩስ ቸኮሌት ሰጥተው ለማያውቁት ሰው እንዲያቀብሉ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳተሙት፣ ሰጪዎቹ ተቀባዩ ምን ያህል ደስ እንደሚለው ሲገምቱ ዝቅ አድርገው ነበር የገመቱት። “ተራ ትኩስ መጠጥ ናት” ብለው፤ ተቀባዩ ግን መጠጧን ከነሰውየው ነበር የተቀበላት። ብርድ ላይ የቆመ ሰውና ትኩስ ነገር ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለንፋስ መውጫ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ያ ገበሬም ቢጠየቅ “ድንች ናት እኮ” ነው የሚለው። እኔ ግን ይኸው እጽፍለታለሁ።

ከመንገዱ ወጣ ብሎ ወደ ገጠሩ የሚወርድ ሰው ሌላም ነገር ያያል። ላይ ጋይንት በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ካቀፋቸው ወረዳዎች አንዱ ነው። ይህ አካባቢ የ1977ን ድርቅ ያየ ነው፤ ከዚያ ወዲህም የዝናቡ ነገር፣ የመሬቱ መጥበብና የአፈሩ መታጠብ ብዙ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ እንዳይበላ አድርጓል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የስም ዝርዝር የያዘ ወጣት ሠራተኛ አንድ ቤት ገባ። ቤቱ የተረጂ ቤት ነው፤ ሊጠይቅ የመጣውም ስንት ነፍስ እንዳለ፣ ስንት ወር እንደሚርባቸው ነው። ሴትዮዋ ጥያቄውን እየመለሰች ረመጡን ገለጥ አደረገች። ድንች እየጠበሰች ኖሯል። አራግፋ፣ በእጇ እያገላበጠች አቀዝቅዛ፣ ሳሕን ላይ አድርጋ አቀረበችለት። “አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ” አለ። “አፈር ስሆን!” “እውነቴን ነው፣ ጊዜም የለኝ።” ብዕሩን ዘጋ፣ ተነሳ።

ልጁ ክፉ አይደለም። ከድኻ ቤት መብላት ነውር ነው ብሎ ነው፤ ምናልባት መመሪያም ይኖረዋል። ግን የሴትዮዋ ፊት ቅጭም ሲል አየሁት። የምትራብበትን ወር ስትናገር ያልተለወጠው ፊት በድንቹ ተለወጠ። ተረጂ መሆን ከሚነጥቀው ነገር ሁሉ ይሄ በወረቀቱ ላይ ቦታ የለውም፤ የሰጪነትን ተራ መነጠቅ። ቀን ከቀን እጁን ወደ ላይ የዘረጋ ሰው አንዴ ወደ ታች ሊዘረጋው ሲሞክር “በልቻለሁ” ሲባል ያማል። እኔን ቢጠይቁኝ በመመሪያው ላይ አንድ መስመር አስጨምራለሁ፦ ሠራተኛው ቢያንስ አንድ ድንች ይብላ።

ሁሉ መስጠት ደግሞ እንዲህ አያሞቅም። መዋጮ የሚባል ነገር አለ። ስብሰባ ይጠራል፣ የተወሰነው ይነገራል፣ ከደመወዝ ይቆረጣል፣ ወይም ደረሰኝ የያዘ ሰው በር ላይ ይቆማል። ዓላማው ብዙ ጊዜ መልካም ነው፤ መንገድ ነው፣ ትምህርት ቤት ነው። ሰው ግን የሰጠ ሳይሆን የተወሰደበት ሆኖ ይወጣል። እነ ደንና አክኒን መስጠት ደስ የሚያሰኘው ሰው በፈቃዱ ሲያደርገው፣ ከተቀባዩ ጋር ሲገናኝና ገንዘቡ ምን እንደሠራ ሲያይ ነው ይላሉ። እማማን ብናስታውስ ሦስቱም አላቸው። ተማሪውን “እግዜር ይስጥህ” ብለው መሸኘት ይችሉ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ይሉታልም፣ ማንም አይቆጣቸውም። አኮፋዳውን ያዩታል። እንጀራቸው ዜማ እንደሚሆን ያውቃሉ፤ እሑድ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን በኩል ይሰማቸዋል።

በፈቃድ የተሰጠ ሁሉ ቀላል ነው ማለቴም አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ንፋስ መውጫ ሲደርስ ብዙ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ደብረ ታቦር አቅጣጫ ወጣ። ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ፣ የሌለው የማያውቀው ሰው ቤት አደረ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ማደር ደስታ ነው የሚል ጥናት ቢመጣ አላምነውም። ሊጡ ያልቃል፣ ልጆች ይጣላሉ፣ ባለቤቷ ማታ ማታ ለብቻዋ ትነጫነጫለች። ደስታው ካለም የሚመጣው ዘግይቶ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ በፋሲካ “እንዴት ሰነበታችሁ” የሚል ስልክ ሲደወል ነው።

አበበች ጎበናን ሳስብ ይህ ይበልጥ ይከብደኛል። በ1972 ዓ.ም. ለግሸን ማርያም ንግሥ ወሎ ሄዱ፤ ከጋይንትም በየዓመቱ መስከረም 21ን ብሎ ወደዚያ የሚጓዝ አለ። ረኃብ ነበር። ከሞተች እናት ጡት ላይ የተጣበቀች ሕፃን አዩ፤ አንስተው አቀፏት፤ ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባልየው ልጆቹን ወይ እኔን ምረጪ አሉ፤ ቤተ ዘመድ አበደች አለ። ልጆቹን ይዘው ወጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሲያርፉ “እዳዬ” እያለ የሚጠራቸው ልጅ ቁጥር አልነበረውም። ያ መንገድ ደስታ ነበረው ወይ? ይመስለኛል፤ ግን ከድንቹ ዓይነት ደስታ ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥ አይደለም። ትዳር ያስከፈለን ነገር “ለነፍሴ ነው” ብሎ መሸከም ነፍስን በጣም ማመን ይጠይቃል። አብዛኞቻችን ግማሽ እንጀራ ላይ እንቆማለን፤ እማማም እዚያው ናቸው፤ አላፈሩበትም።

ወደ ከተማዋ ስመለስ አዲስ ነገር አየሁ። ዋናው አስፋልት ዳር ፎቅ እየወጣ ነው፤ ግቢዎቹ ትልልቅ የብረት በር አስገጥመዋል፣ ከውስጥ ቴሌቪዥን ይሰማል። “በእንተ ስማ ለማርያም” ያንን በር ለማለፍ ድምፅ አይበቃውም። ከሰሙት መካከልም አንዳንዱ መሶብ መክፈቱን ትቶ በበሩ ቀዳዳ የብር ኖት ያቀብላል። ቁራሽ ሥራ አለው፤ መገመስ አለበት፣ ማጠፍ አለበት፣ ልጅ መጥራት አለበት። ብር ፈጣን ነው።

እማማ ይህን አይወዱትም። “ብር ስትሰጠው መች ይመርቃል?” አሉኝ። “ቆጥሮት ይሄዳል።”

ነገሩ እውነት መስሎኝ ነበር፤ በማግሥቱ ጠዋት ያንኑ ተማሪ መንገድ ላይ አግኝቼ እስክጠይቀው ድረስ። ደበሎውን አስተካክሎ ትንሽ አሰበና፣ እንጀራው እንኳ አይጠፋም፣ የጎደለበት ሳሙናና ደብተር ነው አለኝ። የጋይንት እናቶች ደጎች ናቸው፤ ግን ባለሱቁ በቁራሽ ሳሙና አይሸጥም።